የገጽ ዐሥራ አራቱ ሙሽራ

እኔ ማንያህልሻል ያወራሁትን ሰምቶ ያላመነኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም አፌ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ስለዚህ ትናንት ተኝቼ ያየሁትን ስነግራችሁ "ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመራት" እንደማትሉኝ እርግጠኛ ነኝ።

ሕልሙ እንዲገባችሁ ግን ምን ይዤ እንደተኛሁ ማወቅ አለባችሁ።

የምሠራው መምህራን ኮሌጁ በር ላይ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ትምህርት የሚጻፍ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ አንዳንዱን ከጻፉት ሰዎች ቀድሜ አነበዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ዶክተር ሐረገወይን የምትባል አጥኚ "ሴት ልጆች ለምን ትምህርት ያቋርጣሉ" ብላ ዐሥራ ሁለት ልጆችን ስትጠይቅ ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ። ስም አይጻፍም ተባልን። ተሳታፊ ሰባት ሆንኩ።

"ለምን ተውሽው?" አለችኝ።

"እንዲሁ ተውኩት" አልኳት።

እስክሪብቶዋ ቀጥ አለ። አሳዘነችኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ "እንዲሁ" ብቻ ይዛ ልትመለስ ነው። "አባቴ ሊድረኝ ስለሆነ" ስላት እስክሪብቶው መሮጥ ጀመረ። እሱ ሲሮጥ እኔም አብሬው ሮጥኩ። ሙሽራ ፈጠርኩ። ስሙን ጥጋቡ አልኩት፤ አርባ ዓመት ሰጠሁት፤ የቡሬ ነጋዴ አደረግኩት፤ በቅሎ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲያምርብኝ ጊዜ አንድ የወርቅ ጥርስ ጨመርኩለት። ዶክተሯ እንባዋ መጣ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ።

አባቴ አናጢው ቢያድግልኝ ግን እንኳን ሊድረኝ፣ ተመለሺ ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ለምኖኛል። የማጥኛ ጠረጴዛ ሠርቶልኛል፤ መሳቢያ ያለው። አሁን ሽንኩርት እንከትፍበታለን።

ጥናቱ በውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣ ሲባል ትንሽ ደነገጥኩ። መጽሔቱ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፣ ማንበብ የፈለገ በዶላር ይከፍላል ሲባል ደግሞ እፎይ አልኩ። የእኔን ውሸት በዶላር የሚያነብ አባት የለኝም። ትናንት ከሰዓት ግን ዶክተር ሐረገወይን እየሳቀች ሱቃችን ገባች።

"ተከፈተ እኮ ማንዬ። አማርኛውም አብሮ ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በነጻ ያነበዋል። እውቀት አይቆለፍም።"

አባቴ ስልክ አለው። መነጽርም አለው። ይህን ይዤ ተኛሁ።

በሕልሜ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ላይ ሁለት በሬዎች አጋጠሙኝ። ጅራፍ ይዘዋል። ከፊታቸው ሁለት ገበሬዎች ቀንበር ተሸክመው አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ምንም አልገረመኝም።

"ዛሬ አረፈዳችሁ" አልኩት አንዱን በሬ።

"ምን ላድርግ፣ የግራው አልነሳም ብሎኝ ነው" አለና ጅራፉን አጮኸ። የግራው ገበሬ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ኮሌጁ በር ላይ ስደርስ ዶክተሮቹ ሁሉ ቁምጣ ለብሰው ተሰልፈዋል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ከረባት አስረው ጥፍራቸውን ያዩላቸዋል። ከፊት የቆመው ባለ ሽበት ፕሮፌሰር እጁን ዘርግቷል። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጥፍሩን አገላብጣ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"ልጅህን ይዘህ ና" አለችው።

"ልጅ የለኝም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ስለ ልጅ እንዴት መቶ ሃያ ገጽ ጻፍክ?"

ፕሮፌሰሩ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷ መሐረብ ሰጠችውና ከሰልፉ ጀርባ አስቆመችው። ከእሷ ኋላ ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። "ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት ጥናቶች በሙሉ ይከፈታሉ። በር የሚባል ነገር አይቀርም" ይላል። ሰዓቱን አየሁ። አምስት ተኩል ነው። ሮጥኩ።

ጥናቶቹ ከኮሌጁ ጀርባ በረድፍ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ በር ላይ የጭንቅላት ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የጻፏቸው ሰዎች ደጅ ላይ ቆመው ይለምናሉ። አንድ ሙክት በግ ቁልፎቹን አንገቱ ላይ ደርድሮ ይንጎራደዳል።

"የራሴ ነው እኮ ጌታዬ፣ አራት ዓመት የደከምኩበት ነው፣ አንዴ ብቻ ልየው" ይላል አንዱ።

"ጻፍ ተባልክ እንጂ አንብብ ማን አለህ?" ይለዋል ሙክቱ።

በሩቅ፣ ከረድፉ መጨረሻ፣ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ቋ። ቋ። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር መሬት ላይ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ቋ።

የእኔን ቤት አወቅኩት። "ሴት ልጆች ለምን" የሚለው በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ደጁ ላይ ሁለት አህዮች ጭንቅላታቸው ላይ ጆንያ አጥልቀው ተቀምጠዋል። ገምጋሚዎች ናቸው። ከፊታቸው የወረቀት ክምር አለ።

"ጆንያው ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ማን እንደጻፈው እንዳናውቅ ነው" አለ አንደኛው።

"ታዲያ በምን ታነቡታላችሁ?"

"እናነባለን ብሎ የነገረሽ ማነው?" አለ ሁለተኛውና በጆንያው ሥር አንድ ገጽ አስገብቶ አላመጠ። "ጥቂት ማሻሻያ ይፈልጋል። ጨው ያንሰዋል።"

መዶሻው ቀረበ። ቋ። አሁን የሚወድቀው ነገር መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል።

"ያ ማነው የሚያፈርሰው?"

"የመክፈቻው አናጢ ነው። በሮቹን እየነቀለ ነው። ቢያድግልኝ ይሉታል፤ እጁ ወርቅ ነው" አለኝ አህያው።

ዞር ስል አባቴን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲገጥም የኖረው አባቴ ጉጠት ይዞ በር ይነቅላል። ካፖርቱን ለብሷል፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ በር በነቀለ ቁጥር መነጽሩን ያደርግና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ካነበበ በኋላ "ጥሩ ነው" ይልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከእኔ ቤት በፊት የቀሩት ስድስት በሮች ናቸው።

"አስገቡኝ" አልኳቸው አህዮቹን።

"ማነሽ?"

"ማንያህልሻል ቢያድግልኝ።"

"በዚህ ስም የምናውቀው ሰው የለም።"

"እኔ ነኝ እኮ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"ስም ያለው ሰው አይገባም" አለ አንደኛው። "ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም።"

"ተሳታፊ ሰባት" አልኩ በቀስታ። በሩ ወዲያው ተከፈተና ከጀርባዬ ተቆለፈ።

ውስጡ ገጽ በገጽ የተከፈለ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዎች እርስ በእርስ እየሰገዱ ምስጋና ያቀርባሉ፤ አንዱ ቀና ሲል ሌላው ይሰግዳል፤ ማለፊያ የለም። በእግራቸው መካከል ሾልኬ አለፍኩ። ገጽ ስምንት ላይ ሴቶች ልጆች ሰንጠረዥ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል።

"እህቴ፣ ውሃ አለሽ?" አለችኝ አንዷ። "ከሁለት ዓመት በፊት ከወረዳው ቆጠራ አምጥተው ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት በመቶ ውስጥ አስገቡኝ፤ ነጥብ ሁለቷ እኔ ነኝ። እግሬ አልገባም።"

አልቆምኩላትም። ውጭ ቋ ይላል። አራት ቀረ።

ገጽ ዐሥራ አራት በሩን ስከፍት በቅሎ ሸተተኝ።

ጥጋቡ ተቀምጧል። በግራና በቀኙ ትምህርተ ጥቅሶች እንደ አጥር ቆመውበታል። ልክ እንደፈጠርኩት ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ጭራ፣ የወርቅ ጥርስ። ብቻ ሁለት ዓመት ጨምሯል፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። በቅሎዋ ከጀርባው ቆማ የግርጌ ማስታወሻ ትበላለች።

"ደህና ዋልሽ ሙሽሪት" አለኝ። "ቆየሽ።"

"ሙሽሪት አትበለኝ። አንተ የለህም።"

"የለሁም?" አለና ሳቀ። "በዐሥራ አንድ ጥናት ተጠቅሻለሁ። በአራት አገር ስሜ ይነሳል። ስብሰባ ላይ ስለ እኔ ተለቅሷል። አንቺ የት የት ተጠቀስሽ?"

አፌ እኮ ነው፣ እንዲህ ከድቶኝ አያውቅም።

"ጋሽ ጥጋቡ" አልኩት ድምፄን አለስልሼ፣ "እባክህ ከዚህ ውጣልኝ። አባቴ እየመጣ ነው።"

"እኔም የምጠብቀው እሱን ነው። አማቴን ሳልተዋወቀው ሁለት ዓመት ተቆለፈብኝ። ዛሬ በሩ ሲነሳ ወጥቼ ጉልበቱን እስማለሁ። የዳረኝን ሰው እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ?"

"አልዳረህም። አባቴ ማንንም አልዳረም። ይህን ሲሰማ ይሞታል።"

"ጽሑፉ ዳረኝ ይላል።"

ቋ። ቋ። ሁለት ቀረ።

ኪሴ ውስጥ ላጲስ አገኘሁ። ዘልዬ ሙሽራውን ከትከሻው ጀምሬ መሰረዝ ጀመርኩ። በሰረዝኩ ቁጥር ጨመረ። አንድ ሽጉጥ ወገቡ ላይ በቀለ። ሁለተኛ የወርቅ ጥርስ መጣ። ከበቅሎዋ ጎን ሌላ በቅሎ ቆመች፤ በላይዋ ሚዜ ተቀምጦባታል።

"ቀጥዪበት፣ ልብስ ቢጤም ያንሰኛል" አለኝ።

ላጲሱን ጣልኩት። ከአጥሩ ወዲህ ቁጭ አልኩ።

"ምን ባደርግ ነው የምትሄደው?"

ጥጋቡ ጭራውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰው ሸተተኝ። "በእነዚህ ጥቅሶች መካከል ያለው ቦታ የአንድ መልስ ቦታ ነው" አለኝ። "እውነተኛውን አምጪና እኔ እነሳለሁ። ለምን ተውሽው?"

"እንዲሁ።"

"እንዲሁ ከሆነ እኔ እቀመጣለሁ።"

ቋ። አንድ ቀረ። የጎረቤት ቤት በር ሲወድቅ የእኛ ጣራ አቧራ አራገፈ። የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ "ጥሩ ነው" ይላል ለራሱ።

"እሺ" አልኩ። "ስድስተኛ ክፍል ቆሜ አንብቢ ተባልኩ። መጽሐፉ 'በሬው ይስባል፣ ገበሬው ይነዳል' ይላል። ላልቶ ነው የሚነበበው፤ በሬውን ይነዳል ለማለት ነው። እኔ 'ዳ'ዋን ጠበቅ አደረግኳት።"

"እና?"

"እና ገበሬው በእሳት ነደደ። ክፍሉ ውስጥ ያልሳቀ የለም። አስተማሪው ራሱ ጠረጴዛ ይዞ ሳቀ። አንዱ 'እሳት አደጋ ጥሩ' አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሳት አደጋ ሆነ። መዝሙር ላይ ሳይቀር። ሦስት ሳምንት ቻልኩት፤ ከዚያ ቀረሁ።"

በቅሎዋ ማኘኳን አቆመች።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ለዚች ብለሽ ነው እኔን አርባ ዓመት ሰጥተሽ በበቅሎ ያስኬድሽኝ?"

"አፍሬ ነው። ተሳቀብኝ ብዬ ልንገራት? ማን ይጽፈዋል?"

"ልጄ ሆይ፣ እኔም አፍራለሁ እኮ" አለኝ። ከዚያ በጭራው ወደ ግድግዳው አመለከተ። ግድግዳው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ተጽፏል። ገበሬው ይነዳል። "አስተካክለሽ አንብቢው። አንዴ ብቻ። ከዚያ እሄድልሻለሁ።"

ደጁ ላይ ጉጠቱ ማጠፊያውን ሲይዝ ተሰማኝ። የመጀመሪያው ሚስማር ወጣ። ተነሥቼ ቆምኩ። ክፍሉ በድንገት በልጆች ተሞላ፤ ሁሉም አፍጥጠው ያዩኛል፤ ከፊት የተቀመጡት እነዚያ ባለ ቁምጣ ዶክተሮች ናቸው፤ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ሚስማር ወጣ።

"ገበሬው" አልኩ። ላልቶ ነው፣ ላልቶ ነው፣ አልኩ በልቤ። ሦስተኛው ሚስማር ወጣ። "ገበሬው ይነ..."

ጠበቀብኝ።

መስኮቱ በጭስ ተሸፈነ። አንድ ገበሬ ከእግር እስከ ራሱ እየነደደ በመስኮቱ ሥር አለፈ። "ግዴለም ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አለኝና ባርኔጣውን አነሳልኝ። ዶክተሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጻፉ።

በሩ ወደቀ።

አባቴ ቆሟል። ከጀርባው ብርሃን አለ፤ ፊቱ አይታየኝም። ጥጋቡ ከትምህርተ ጥቅሶቹ መካከል ወጣ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ ከበቅሎዋ ጋር ጎንበስ አለ። "አማቴ ሆይ፣ እንደምን ከረሙ" አለ። አባቴ ጉጠቱን ኪሱ ከተተ። መነጽሩን ካንገቱ አነሳ፤ በካፖርቱ ጫፍ ወለወለው፤ ዓይኑ ላይ አደረገው። ጣቱን ገጽ ዐሥራ አራት ላይ አስቀምጦ አፉን ለንባብ ከፈተ።

ነቃሁ።

ነግቷል። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ውጭ ቋ ይላል። ዘልዬ ወጣሁ። አባቴ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ የአንድ ሰው ቁም ሣጥን ማጠፊያ ይመታል። ስልኩ አጠገቡ ካለው ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ግን መዶሻውን አስቀምጠው።"

ቀና ብሎ አየኝና አስቀመጠው። ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን፣ ሙሽራውን፣ በቅሎውን፣ የወርቅ ጥርሱን። ጥናቱ ትናንት መከፈቱን፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሊያነበው እንደሚችል። ተሳታፊ ሰባት እኔ መሆኔን። ስጨርስ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

"ያ የዶክተር ሐረገወይን ወረቀት?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሱን እኮ ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የቢሮዋን በር ስገጥምላት አማርኛውን ሰጥታኝ ነበር። እድሩ ውስጥ ያላነበበው ሰው የለም።"

"ተቆልፏል ብላኝ ነበር እኮ።"

"ማን ላይ ነው የሚቆለፈው?" አለ። ሚስማሩን በጣቱ ያንከባልለዋል። "ተሳታፊ ሰባት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ የጋሽ ይርዳው ልጅ መስላኝ ነበር" አለ፤ ከአጥራችን ወዲያ ያለውን የጎረቤታችንን ቤት እያየ። "በዚያው ዓመት ነው ያቋረጠችው። እሱም በቅሎ ይነግዳል። ልጁን ለአርባ ዓመት ሰው የሚሰጥ ጨካኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም። እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም።"

ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ተነሣ፤ ሰጋቱራውን ከጉልበቱ አራገፈ፤ ካፖርቱን ለበሰ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። አፌ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳን አንድ ነገር ሳይል አያርፍም።

"አባዬ" አልኩት፣ "ስታነበው ግን ከልብህ አምነኸው ነበር ማለት ነው?"

የአጥሩን በር ከፍቶ ዞር አለ።

"አምኜው ነበር" አለ። "አንቺ መሆንሽን ባውቅማ አንዲት ቃል አላምንም ነበር።"